«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

ሐምሌ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የንብረት ክፍሉ ባልደረባችን ወደ ቢሮዬ ገቡና ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። አንዱ ለእሳቸው የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሌላው የሰኔ 14 ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ኮፒ ነው። ጣታቸውን ቃለ ጉባኤው ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

እኔ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ፀሐፊ ከሆንኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ጣታቸው ያረፈበት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ተሰብሳቢው በሰፊው ከተወያየ በኋላ ዓመታዊው የንብረት ቆጠራ ከሰኞ ሰኔ 26 ወደ ቅዳሜ ሰኔ 24 እንዲመጣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ደብዳቤው ይህንኑ ጠቅሶ፣ «ተገኝተው ድምፅ የሰጡበትን ውሳኔ እያወቁ» በቆጠራው ቀን ግምጃ ቤቱን ዘግተው ቀርተዋል ይላቸዋል።

የዚያን ቅዳሜ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የቆጠራ ኮሚቴውና ከውጭ የመጣው ኦዲተር ከጠዋቱ 2:30 እስከ እኩለ ቀን በተቆለፈ በር ላይ ቆመው ዋሉ። ቁልፉ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው ደግሞ በጠዋት ጀልባ ወደ ዘጌ ሄደው ቤተሰባቸው ዘንድ ነበሩ። ስልክ ተደጋግሞ ተደወለ፤ አላነሱም። ሰኞ ጠዋት ግን ከሁላችን ቀድመው መጥተው፣ ቢን ካርዱን፣ ማለትም የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ፣ በየመደርደሪያው አስተካክለው፣ የቆጠራ ቅጹን ይዘው በሩን ከፍተው ኮሚቴውን ይጠብቁ ነበር። ያንን ያየ ሰው «ሆን ብለው ነው» ባላለ ነበር። ተባለ እንጂ።

«ቅዳሜ የሚል ነገር አልሰማሁም» አሉኝ።

«እጅዎን ግን አውጥተዋል፣ ጋሼ። እኔው ነኝ የቆጠርኩት።»

ዝም አሉ። ተነስተው በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ። «ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። እጅ ሲወጣ አወጣለሁ። እንዲህ ስሆን ስምንት ዓመቴ ነው» አሉ።

ስምንት ዓመት። ከዚያ ውስጥ ሦስቱን «በሙሉ ድምፅ» እያልኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ስብሰባ የሚመራ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ወይም ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ውሎ የሚወጣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

አዳራሹ

የመሥሪያ ቤቱን ስም አላነሳም፤ እሳቸውም ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደው ስማቸው እንዲቀር ጠይቀውኛል። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ፣ ከጣና ዙሪያ ቀበሌዎች ጋር የሚሠራ፣ ሠራተኞቹ ከሃያ የማይበልጡ ቢሮ ነው። ስብሰባችን በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ ባለው አዳራሽ ይካሄድ ነበር።

አዳራሹን በደንብ መግለጽ አለብኝ፤ ምክንያቱም የችግሩ ግማሽ ያለው እሳቸው ጆሮ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ውስጥ ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። በመንገዱ በኩል ባጃጅ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል። በስተሰሜን ባሉት ትልልቅ መስኮቶች ሐይቁ ይታያል። የሰብሳቢው ወንበር ከነዚህ መስኮቶች ፊት ለፊት፣ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ የሚቀመጥበት ነበር። የክብር ቦታ ነው፤ እንግዳም ሲመጣ የሚቀመጠው እዚያው ነው። እኛ በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተደርድረን ወደ እሱ እንዞራለን። ከበስተጀርባው የሐይቁና የሰማዩ ብርሃን አለ፤ የሰብሳቢው ፊት ግን ጥቁር ጥላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ስመለከት ሐይቁ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ የሰውዬው ከንፈር እንደማይታይ ልብ ብዬ አላውቅም።

ክረምቱን ባሕር ዳር የኖረ ያውቀዋል። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ አመጣጡም ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ማለትም ልክ በኛ የስብሰባ ሰዓት። ሰኔ 14 ቀንም የመጨረሻው አጀንዳ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። እኔ ራሴ «ቅዳሜ» የሚለውን ያጣራሁት አጠገቤ የተቀመጠችውን ጠይቄ ነው። ልዩነታችን ይህ ነበር። እኔ «ምን አለ?» ብዬ መጠየቅ አላሳፈረኝም።

ድምፅና ቃል

ጋሼ የደንቆሮነት ጉዳያቸውን ሲያስረዱኝ የተጠቀሙበት አገላለጽ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ድምፅ እሰማለሁ፤ ቃል አልሰማም።»

ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታመው ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መርፌ ለወራት ወስደዋል። መድኃኒቱ የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው፤ እሳቸውም የጆሯቸውን መድከም ከዚያ ጋር ያያይዙታል። እንዲህ ያለው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የመሳሰሉት ይጠፋሉ፤ ወፍራሞቹና አናባቢዎቹ ይቀራሉ። ጆሮ የሚደርሰው አጥንቱ የወጣ ቃል ነው። ሰው እየተናገረ መሆኑ ይታወቃል፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ ይቆጣ ይሳቅ ይታወቃል፤ ምን እንዳለ ግን አይታወቅም።

የጎደለውን በከንፈር ይሞሉታል። ከንፈርም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። በ፣ መ እና ፐ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። «ሰማ» እና «ሰባ»፣ «ማር» እና «ባር»፣ «ቀማ» እና «ቀባ» ብላችሁ መስታወት ፊት ሞክሩት። መጥበቅና መላላቱም አይታይም፤ «አለ» ሲባል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው ከዐውዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በከንፈር የሚያነብ ሰው ከሁሉ በፊት ወሬው ስለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። አጀንዳውን ካላወቀ የሚገምትበት መነሻ የለውም። የተናጋሪው ፊት ጥላ ከሆነ ደግሞ ግምቱም ያልቃል።

«ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው። ዛሬ ሳስበው ይህን መጠየቄ ራሱ ቅር ይለኛል፤ በቋንቋችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል የማይሰማውንም የማያውቀውንም አንድ አድርጎ ይሰድባል፤ እኔም ከላይ እንዲሁ ጽፌዋለሁ፣ ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ እሳቸው ስለራሳቸው ሲናገሩ የተጠቀሙበት ቃል እሱ ስለሆነ። «ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ሲቀረኝ 'ጆሮው አይሰማም፣ ንብረት አይታመንበትም' እንዲባል አልፈለግሁም» አሉኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አንድም ዕቃ ያልጎደለባቸው ሰው ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ለከባድ የመስማት ችግራቸው ተሃድሶ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውንና ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ካለፈው መካከል ከአራት ሰው አንዱ ገደማ በዚህ ውስጥ እንደሚገኝ ገልጿል። ጡረታ የቀረባቸው ሠራተኞች ባሉበት ቢሮ ሁሉ ሰው ሲስቅ አብሮ የሚስቅ አንድ ሰው አለ ብዬ ማሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ሞንታርቦው

ነገሩን በእሳቸው ፈቃድ ለኃላፊያችን አስረዳሁ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደነገጡ፣ በማግስቱም መፍትሔ ይዘው መጡ። ሞንታርቦና ማይክ ከአንድ ወዳጃቸው ተዋሱ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሞንታርቦው ከጋሼ አጠገብ ተተከለ። ያ ስብሰባ ካየኋቸው ሁሉ የከፋ ነበር። ድምፁ ጎላ እንጂ አልጠራም፤ ቆርቆሮው እየመለሰ አንዱን ቃል በሌላው ላይ ይደርበዋል። ተናጋሪው ሁሉ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ስለሚለጥፈው፣ ትንሽ ይታይ የነበረው አፍ ጭራሽ ተሸፈነ። ጋሼ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። ኃላፊያችን «አሁንስ ይሰማል?» ብለው በማይኩ ሲጠይቁ አዳራሹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሼ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን መነቅነቅ አሁን አውቀዋለሁ፤ «እሺ» ማለት አይደለም፤ «ዓይናችሁን ከእኔ ላይ አንሱልኝ» ማለት ነው።

ከዚያ አንዱ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቀጠር አለ። ሌላው በጀት የለም አለ። የማዳመጫ መሣሪያ ይገዛላቸው የሚልም ተነሳ። ክርክሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደ። በመጨረሻ የሕግ ባለሙያችን እጁን አወጣ። እሱ ዓይነ ስውር ነው፤ ስብሰባ ላይ ብዙ አይናገርም። «ይቅርታ» አለ፤ «እሳቸውን የጠየቃቸው ሰው አለ?»

ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ጋሼ የምልክት ቋንቋ አያውቁም፤ ጆሯቸው የደከመው ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው፣ ቋንቋቸው አማርኛ ነው። አስተርጓሚ ቢመጣ ለእሳቸው ተጨማሪ እንግዳ ነው። የማዳመጫ መሣሪያ ደግሞ አላቸው፤ ባትሪው እንደልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዝናቡንም ባጃጁንም እኩል ያጎላል፣ ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ያንን ጥያቄ አንድ ሳምንት ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ሞንታርቦ ባልተዋስን ነበር።

ወንበሩ

በማግስቱ ሦስታችን፣ ጋሼ፣ የሕግ ባለሙያውና እኔ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። እኔ የምጠይቀውን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸው ይመልሳሉ። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት መናገር አልነበረም። ተነስተው የሰብሳቢውን ወንበር ከመስኮቱ ፊት አንስተው ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ወሰዱት። ከዚያ የራሳቸውን ወንበር ጀርባው ለመስኮቱ እንዲሆን አድርገው ተቀመጡና፣ «እስቲ እዚያ ሆነሽ ተናገሪ» አሉኝ። ተናገርኩ። ያልኩትን ቃል በቃል ደገሙልኝ።

ምንም ገንዘብ አልወጣም። ወንበር ነው የተነሳው።

ሰብሳቢውን ከሐይቁ ፊት ማንሳት ግን ቀላል አልነበረም። ቦታ በኛ አገር ትርጉም አለው፤ ማን የት ይቀመጣል የሚለው የማን ክብር ስንት ነው የሚለው ነው። ኃላፊያችን አንድ ስብሰባ ሙሉ በድሮው ቦታቸው ቆዩ። በሁለተኛው ራሳቸው ተነስተው ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፣ እኛም አልጠየቅንም። ረጅሙን ጠረጴዛም ለሁለት ከፍለን በግማሽ ክብ አደረግነው፤ ተደርድሮ ሲቀመጥ በራሱ ረድፍ ያለውን ሰው ፊት ማየት አይቻልም፣ ክብ ሲሆን ይቻላል።

ከወንበሩ የከበደው አፍን መክፈት ነበር። ለታላቅ ሰው ስንናገር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አፋችንን በመዳፍ ወይም በነጠላ ጫፍ ከለል አድርገን መናገር ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ለጋሼ ይህ ጨዋነት ግድግዳ ነው። ከሁላችን ታናሽ የሆነችው ባልደረባችን፣ ነጠላዋን ሳትይዝ አፏ የማይከፈት ልጅ፣ «አፌን ገልጬ ስናገር የደፈርኳችሁ ይመስለኛል» አለች። ጋሼ ከንፈሯን አይተው ኖሮ ራሳቸው መለሱላት፦ «የለም ልጄ፤ አፍሽን ስታሳዪኝ ነው ያከበርሽኝ።» ወዲያው ለመደችው ማለት አልችልም። ዛሬም አንዳንዴ እጇ ይነሳና ታስታውሳለች፣ ታወርደዋለች።

ሰሌዳው

ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ የኔ ሥራ ስለሆነም ይሆናል። ቀድሞ ውሳኔ የሚጻፈው ከስብሰባው በኋላ፣ በማግስቱ፣ እኔ ብቻዬን ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ነበር። ሰብሳቢው «እንግዲህ በዚሁ እንስማማ፤ የሚደግፍ?» ይላል፤ እጅ ይወጣል፤ «ዚሁ» ምን እንደሆነ የሚታወቀው እኔ ስጽፈው ነው። ስለዚህ ከጋሼ ሌላ ጆሮ ያለውም ሰው ምን እንዳጸደቀ በትክክል ሳያውቅ ነበር እጁን የሚያወጣው።

አሁን ግድግዳው ላይ ኋይት ቦርድ አለ። አጀንዳው ማክሰኞ ከሰዓት በወረቀት ይታደላል። ማንኛውም ነገር ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት የውሳኔውን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን፣ ከነቀኑና ከነቁጥሩ፣ በማርከር እጽፈዋለሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። የሚታረም ካለ ይታረማል። እጅ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚደግፍ፣ የሚቃወም፣ ድምፀ ተአቅቦ ያለው ተብሎ ሦስቱም በየተራ ይጠየቃል።

ከፍ አድርጌ ማንበቡ ለሕግ ባለሙያው ነው። ለጋሼ የበጀው ሰሌዳ ለእሱ ባዶ ግድግዳ ስለሆነ። ይህንንም ያሰብነው እሱ ከነገረን በኋላ ነው። ሌላም ነገረን፤ አጀንዳውን በሶፍት ኮፒ ስልክለት «አልተነበበልኝም» ይል ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ኤንቪዲኤ የተባለው፣ በነፃ የሚገኘው ጽሑፍ አንባቢ አለው፤ አማርኛም ያነባል። የኔን ፋይል ግን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት አድርጎ ነው የሚያነብለት። ምክንያቱ ፎንቱ ነበር። የድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ስክሪን ላይ «ስብሰባ» ብሎ ያሳየናል እንጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደላትና ምልክቶችን ነው፤ ዓይን ይታለላል፣ ማሽኑ ግን አይታለልም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ቢሮ እስከዚያን ቀን ደብዳቤውም ቅጹም በድሮው ፎንት ነበር። በዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ በኒያላ፣ መጻፍ ስጀምር ችግሩ በአንድ ቀን አለቀ። ማኅተም ያረፈባቸውን ስካን የተደረጉ ሰርኩላሮች ግን አሁንም ሰው ያነብለታል፤ ስካን ምስል ነው።

አዋጁንም ያመጣልን እሱ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ አካባቢውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል፤ ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። «ውለታ እየዋላችሁልን አይደለም፤ ሕግ እየፈጸማችሁ ነው» አለን። ረጋ ብሎ ነው የተናገረው፤ ግን ከዚያ በኋላ «ለእሳቸው ስንል» የሚለው አነጋገር ከአዳራሹ ቀነሰ።

ያጉረመረሙት

የፋይናንስ ኃላፊው በግልጽ ተቃወመ። «ለአንድ ሰው ተብሎ ሁላችንም እስከ ማታ እንቀመጥ?» እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ረዝመው ነበር። አንድ በአንድ መናገር፣ እጅ አውጥቶ ጋሼ ወደ ተናጋሪው እስኪዞሩ መጠበቅ፣ መጻፍ፣ ማንበብ ጊዜ ይወስዳል። ከንፈር ማንበብ ዓይንንም አእምሮንም ስለሚያደክም በየአርባ ደቂቃው አጭር ዕረፍት ጨመርን። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ደግሞ ሰብሳቢው እጁን ያነሳል፣ ስብሰባው ይቆማል፣ ሻይ ይጠጣል።

እኔ ግን የፋይናንስ ኃላፊው ስሌት ትክክል አይመስለኝም፤ ፊቱም ነግሬዋለሁ። ቀድሞ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ ሰው አይጠፋም ነበር። «ትናንት ስለ መኪናው ምን ተወሰነ?» «አበሉ ከመቼ ጀምሮ ነው የተባለው?» እያሉ የሚመጡት ጆሯቸው ደህና የሆነ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱን ውሳኔ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደ አዲስ እንወያይበት ነበር። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ የሐሙስ ሰልፉ ቀርቷል። የዚያ ሁሉ ጠዋት ሰዓት በስብሰባው ርዝመት ላይ ይደመር ከተባለ ያተረፍነው እኛ ነን።

ሌሎችም ያልጠበቅናቸው ነበሩ። አፏን በአገውኛ የፈታች ባልደረባችን፣ አማርኛው ሲፈጥን ታጣው የነበረውን ሰሌዳው ላይ እንደምታገኘው ነገረችኝ። የምታጠባ እናት ሰዓቱ ወደ ጠዋት 3 እንዲመጣ ጠየቀች፤ ከጥቅምት ጀምሮ መጣ፣ በክረምትም ከከሰዓቱ ዝናብ አዳነን። ስለ ሰዓቱ ማንም አስቦ የማያውቀው ማንም ስላልጠየቀ ነው።

ማስጠንቀቂያው

ቃለ ጉባኤውን ማረም እንደዚህ አልቀለለም። «የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አይነካም» ተባለ። ደብዳቤው የቆመው በእኔ ዓረፍተ ነገር ላይ ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩ ካልተስተካከለ ደብዳቤው አይነሳም። እኔ የጻፍኩት ነገር የአንድን ሰው የሃያ ስምንት ዓመት ማኅደር አበላሽቶ መቀመጡን እያወቅሁ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ጊዜ ነበር።

በመጨረሻ የሕግ ባለሙያው መንገድ አገኘ፤ ዋናው ሳይነካ አባሪ ይዘጋጅ አለ። አባሪውን እኔ ጻፍኩት፦ «በሰኔ 14 ስብሰባ 'በሙሉ ድምፅ' ተብሎ የተመዘገበው ትክክል አይደለም። አንድ ተሳታፊ ውሳኔውን ሳይሰሙ እጃቸውን ማውጣታቸው በኋላ ታውቋል። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ሁሉም መስማቱን ሳታረጋግጥ መዝግባለች።» ለስብሰባ ቀረበ፣ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፣ ጸደቀ። ደብዳቤው ከማኅደራቸው የወጣው ኅዳር ላይ ነው። አምስት ወር ገደማ ፈጀ። የወጣ ዕለት ጋሼ ምንም አላሉም፤ አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና በላስቲክ ቋጥረው ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ።

ያልተፈታ ብዙ አለ። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር በሆቴል አዳራሽ ስንሰበሰብ የኛ ወንበር፣ የኛ ሰሌዳ፣ የኛ ልማድ የለም። መድረኩ ሩቅ ነው፣ ተናጋሪው ማይኩን አፉ ላይ ይለጥፋል፣ ጋሼ የማስታወሻ ደብተራቸውን ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። ከጎናቸው ተቀምጬ ዋና ዋናውን በወረቀት እጽፍላቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አብሬ አልሄድም። የመስክ ባልደረቦቻችን በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሳተፉም እሳቸው ምንም አይደርሳቸውም፤ ለጊዜው የተባለውን እኔ ሰሌዳ ላይ እያጠቃለልኩ ነው። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር የስልክ መተግበሪያም ሞክረናል፤ አንድ ሰው ስልኩ አጠገብ ሆኖ ሲናገር ይረዳል፣ ሁለት ሰው ሲደራረብ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ይተዋል።

በዓመቱ ሰኔ ላይ የንብረት ቆጠራው አጀንዳ ተመልሶ መጣ። ሰሌዳው ላይ «ቆጠራው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀመር» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩ። ጋሼ ተነሱ። ማርከሩን ከእጄ ወሰዱና ከሥሩ ጻፉ፦ «ቅዳሜ አይሆንም። ባለፈው ሳምንት የገባው ዕቃ ገና ካርድ ላይ አልወጣም።» ክርክር ሆነ። ኦዲተሩ ሌላ ቀን እንደማይመቸው ተነገረ፣ እሱም ተጻፈ፣ ጋሼ አነበቡት። ድምፅ ሲጠየቅ የሚደግፉት እጃቸውን አወጡ። ጋሼ ዞር ብለው የማንንም እጅ አላዩም። የሳቸው እጅ ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ ነበር።

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «በ15 ድጋፍና በ2 ተቃውሞ ጸድቋል። የተቃውሞው ምክንያት ከዚህ በታች ሰፍሯል።» ሁለተኛዋ ተቃዋሚ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ የተናገረችው ታናሿ ባልደረባችን ናት። ጋሼ ምክንያታቸው በትክክል መስፈሩን አንብበው ፈረሙ። ቅዳሜ 2 ሰዓት ሳይሞላ ግምጃ ቤቱ ተከፍቶ ነበር።